በሙሉ ድምፅ

ይመኙሻል ፊርማዋን ልታሰርዝ ቦንጋ የሄደችው በሚያዝያ ወር አንድ ሰኞ ማለዳ ነው። ከሺሺንዳ የተሳፈረችበት ሚኒባስ መናኸሪያ ሲያደርሳት ጫማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በሣር ጠርጋ ባጃጅ ያዘች። የጎርፍ መከላከል ፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ወርዳም ጥበቃውን፣ «የፈረምኩትን ላሰርዝ መጥቼ ነው» አለችው። ጥበቃው የሰማውን ስላላመነ አስደገማት። ደገመችለት።

ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀጭንና ረዥም ሴት ናት። አያቶቿ ከሰሜን መጥተው በሰፈሩበት መሬት ላይ ተወልዳ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ስላደገች ካፊኖኖ እንደ አማርኛው አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በኬጫ ወንዝ ዳር ያለውን በቆሎ፣ እንሰትና ቡና ብቻዋን ይዛ ትኖራለች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ወረቀት ካገኘች ሳታነብ አታልፍም።

ቦንጋ ያመጣትም ያነበበችው ወረቀት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ መንደሩ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ፀሐይ እንደወጣች፣ ላይኛው አገር በጣለው ዝናብ ኬጫ ሞልቶ አርባ ሁለት ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰው አልሞተም። ግን በቆሎው ከነጎተራው ሄደ፤ ለቆጮ የተቀበረው እንሰት ከጉድጓዱ ታጥቦ ወጣ፤ የመንደሩ አዛውንት የጋሽ ወልደ ማርያም ሁለት ላሞች እንደታሰሩ ሰመጡ። ይመኙሻል ያን ቀን ጣሪያዋ ላይ ወጥታ ውሃው እስኪጎድል ስትጠብቅ፣ ጋሽ ወልደ ማርያም ከፊት ለፊቱ ጣሪያ ላይ ላሞቻቸውን በስማቸው ሲጠሩ ሰምታለች።

ከዚያ ፕሮጀክት መጣላችሁ ተባለ። በጥር ወር ሕዝቡ ቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። ኢሳይያስ የሚባል፣ ሠላሳ ያልሞላው ኢንጂነር ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ሥዕል እያሳየ አስረዳ። በሽቦ ሳጥን የታጨቀ የድንጋይ ግንብ፣ ጋቢዮን የሚሉት፣ ከድልድዩ በላይ ስድስት መቶ ሜትር ይሠራል። የሚሠራው መኪና መንገዱ ባለበት በቀኙ ዳር ነው። መንደሩ ያለው በግራው ነው።

ይመኙሻል እጇን አወጣች። «ውሃው በዚያ በኩል ግንብ ሲገጥመው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ተጠንቷል እትዬ» አለ ኢሳይያስ።

«ወንዙን የለካችሁት መቼ ነው?»

«በታኅሣሥ።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። በታኅሣሥ ኬጫን ዶሮ ትሻገረዋለች። ቀጥሎ ጋሽ ወልደ ማርያም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና በካፊኖኖ ረዘም አድርገው ተናገሩ። የሚያስተረጉም ሰው አልተጠራም። ቃለ ጉባኤ ያዡ እስኪጨርሱ ድረስ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመስኮት ያይ ነበር። ከዚያ ዳቦና ለስላሳ ታደለ፤ ስም፣ ጾታ፣ ፊርማ የሚል ወረቀትም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ፈረመ።

የዚያ ስብሰባ ወረቀት በሚያዝያ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ይመኙሻል ቆማ አነበበችው። «ከአርሶ አደሮች ጋር ሰፊ ውይይት ተካሂዶ የቀረበው ዲዛይን በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል» ይላል። ገለጥ ስታደርገው የስም ዝርዝሩ ከኋላ ተያይዟል። ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ የገዛ ፊርማዋን አየች።

«ድምፅ የሰጠነው መቼ ነው?» ብላ የቀበሌውን ሊቀመንበር ተስፋሁንን ጠየቀችው።

«አሠራሩ እንዲህ ነው እንጂ ማንም ክፉ አላሰበም» አላት ተስፋሁን። «አንቺ ደግሞ የሌለ ነገር አታምጪ።»

«የሌለ ነገር ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። እዚህ ወረቀት ላይ ነው ያለው» አለችና በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈረች።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ሀብተሥላሴ ሥራ የሚበዛባቸው፣ ነገር ቶሎ ማለቁን የሚወዱ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጧትና አዳመጧት።

«ፊርማ አይሰረዝም እትዬ» አሏት። «ሰነድ ነው።»

«እንግዲያው ከጎኑ አልተስማማችም ተብሎ ይጻፍልኝ።»

«የፈረሙት እኮ በስብሰባው ለመገኘትዎ ነው። አቴንዳንስ ነው።»

«አቴንዳንስ ከሆነ ከስምምነቱ ጋር ለምን ተያያዘ?»

አቶ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ፕሮጀክት ስንት ወረዳ የሚሻማበት ነው። እናንተ ዘንድ እንዲመጣ ደጅ ጠንተናል። በእርስዎ ሰበብ ወደ ሌላ ቦታ ቢዞር ለጎረቤቶችዎ ምን ይሏቸዋል?»

«እኔ ፕሮጀክቱ ይቅር አላልኩም። ግንቡ መንገዱን ያድናል፤ ውሃውን ግን እኛ ላይ ይገፋል። ይህን ጠይቄ ነበር፤ ጥያቄዬ ወረቀቱ ላይ የለም። ጋሽ ወልደ ማርያም የተናገሩትም የለም። ያለው ፊርማችን ብቻ ነው።»

«እሺ፤ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ እናየዋለን።»

ሰውየው ይህን ያሉት ለመገላገል ነበር። ይመኙሻል ግን አመስግና ወጣች፤ በመልሷ ሺሺንዳ ወርዳ አንድ ደስጣ ወረቀት ገዛች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ከባድ ነበር። ቤት ለቤት ስትዞር በሩን የዘጋባትም አለ። ተስፋሁን ቀደም ብሎ፣ እሷን ከሰማችሁ ፕሮጀክቱ ይሄድባችኋል ብሎ አስፈራርቷል። ከሁሉ የጠነከረችባት የባሏ እህት ዙፋን ናት። የዙፋን ቤት ከመንደሩ ታችኛው ጫፍ፣ መኪና መንገዱ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ግራው ዳር የሚገባበት አጠገብ ነው።

«ምንም ከማጣት ያም ቢሆን ይሻላል» አለቻት ዙፋን። «የተሰጠሽን ተቀበይ።»

«ምን ተሰጠኝና ነው የምቀበለው? ግንቡ ያለው ማዶ ነው። እኔ የተሰጠኝ ውሃው ነው።»

ጋሽ ወልደ ማርያም ግን ከዘራቸውን ይዘው አብረዋት ዞሩ። በአዳራሹ ተነሥተው የተናገሩትን በየደጁ እንደገና ተናገሩ። ኬጫ ድሮ ሁለት መሄጃ ነበረው አሉ። ሲሞላ ግማሹ ከመንደሩ በላይ ካለው መታጠፊያ ላይ ተገንጥሎ በመንደሩ ጀርባ፣ በረባዳው በኩል ይሄድና ከድልድዩ በታች ይገናኛል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት መንገዱን የሠሩት ሰዎች የቆፈሩትን አፈር አምጥተው መገንጠያው ላይ ደፉት። ከዚያ ወዲህ ውሃው መሄጃ ሲያጣ የሰው ቤት ይገባል። ብዙ ሰው ወንዙ ሲሞላ እያየም መገንጠያውን ረስቶት ነበር፤ ሲነገረው ግን አስታወሰው። አንዱ እዚያ ዓሣ እንዳጠመደ፣ ሌላው እናቱ እዚያ ልብስ ታጥብ እንደነበር ተናገረ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሠላሳ አንድ ሰው ማመልከቻ ይዞ ነበር። የማይጽፉትን ልጆቻቸው ጻፉላቸው። አንዱ የሌላውን አልገለበጠም፤ ይመኙሻል ያንን አጥብቃ ከልክላለች። እያንዳንዱ ውሃው ከየት እንደመጣበት፣ እስከ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደወሰደበት ጻፈ።

ሁሉም ማመልከቻቸውን ይዘው ቦንጋ ሲደርሱ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አብርሆት ሕዝቡን አይታ ደነገጠች። አቶ ሀብተሥላሴ ከቢሯቸው ብቅ ብለው፣ «ጉዳዩ አንድ ስለሆነ በአንድ ቁጥር መዝግቢው» አሏት።

አብርሆት የመጀመሪያውን ማመልከቻ አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ከዚያ ማህተሟን አነሳችና፣ «ስማቸው የተለያየ ነው፤ የጻፉትም የተለያየ ነው። በአንድ ቁጥር መመዝገብ አልችልም» አለች። ሠላሳ አንዱንም ለየብቻ ቁጥር ሰጥታ፣ ቀን ጽፋ፣ ቅጂው ላይ ማህተም እየመታች ለየባለቤቱ መለሰች። ምሳ ሰዓቷ እዚያው አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሕፈት ቤቱ መልስ የሚሰጥበት ሠላሳ አንድ ደብዳቤ አለበት።

መልሱ በሁለት ወር ውስጥ አልመጣም። ይመኙሻል በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄደች ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሏት እስኪወጡ ጠበቀች። «መስክ ወጥተዋል» ሲሏት የት መስክ እንደሆነ ጠየቀች። አንድ ቀን ኢሳይያስ ከመኪና ሲወርድ ደጃፉ ላይ አገኘችው።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አለችው። «በሐምሌ መጥተህ እየው። ካየኸው በኋላ ተሳስተሻል ብትለኝ በገዛ እጄ ሁለተኛ እፈርምልሃለሁ።»

ኢሳይያስ የመኪናውን በር ዘግቶ ወደ ቢሮው ገባ። በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ግን ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ጂፒኤስና ሜትር ይዞ መጣ። ማመልከቻዎቹን በሙሉ አንብቧቸው ነበር። «ስለ ላሞቹ የጻፉት ሰውዬ የትኛው ናቸው?» ብሎ ጠየቀ መጀመሪያ።

ጋሽ ወልደ ማርያም ከፊት፣ ኢሳይያስ መሐል፣ ይመኙሻል እያስተረጎመች ከኋላ ሆነው ወንዙን ተከትለው ወጡ። ዝናቡ አላቋረጠም። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ውሃው የተደፋውን አፈር እየገፋ፣ መግቢያ እንዳጣ ከብት ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሽከረከር ነበር። ኢሳይያስ አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ አየው። በየግማሽ ሰዓቱ ችካል እየተከለ የውሃውን ከፍታ ለካ። ሦስት ቀን ቀበሌው ውስጥ አደረ፤ ሦስቱንም ቀን እዚያ ዋለ።

በአራተኛው ቀን አሮጌው መሄጃ በየት በኩል እንደነበር ለማረጋገጥ ተከትለውት ወረዱ። አዛውንቱ በዕድሜ የደከሙ እግሮቻቸውን ሳያመነቱ በረባዳው ውስጥ እየረገጡ ሄደው አንድ የቡና ማሳ መሐል ቆሙና በከዘራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። ኢሳይያስ ዶማ ተቀብሎ ቆፈረ። ክንድ ያህል እንደወረደ ዶማው ድንጋይ ነካ። አንዱን አወጣው፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ ውሃ ያንከባለለው የወንዝ ድንጋይ ነው። ከሥሩ አሸዋ ነበር።

«ይሄ ቡና የማን ነው?» አለ ኢሳይያስ።

«የኔ ነው» አለች ይመኙሻል።

ኢሳይያስ ቀና ብሎ አያት። «መገንጠያው ከተከፈተ ይሄ ሁሉ ይሄዳል እኮ።»

«እኔ ላላውቅ ነው? ውሃው ሲቀር መሬቱ ደረቀ፤ ባሌ ቡና ተከለበት። ስንተክለውም የወንዝ መንገድ መሆኑን እናውቅ ነበር። ዝም ብለን በላንበት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ የተጣሉት ይሄን ለማጣት ነው?»

ይመኙሻል አንዱን የቡና ቅርንጫፍ ያዘች። ባሏ ከመሞቱ በፊት የመጨረሻውን አረም ያረመው እዚህ ነበር። «አርባ ሁለት ቤት ነው» አለች። «ቡናዬን ለማዳን ብዬ ዝም ካልኩ እኔም ያንን ወረቀት እንደጻፉት ሰዎች መሆኔ ነው። ደግሞ በነጻ ስጪ አልተባልኩም። ላይኛው ዳገት ላይ ያለውን የቀበሌ መሬት በምትኩ እጠይቃለሁ። ድንጋያም ነው፤ አውቃለሁ። እሱንም ያለ ጽሑፍ አልቀበልም።»

ይህ ወሬ መንደሩ ውስጥ ሲሰማ ዙፋን በሩጫ መጣች። «የወንድሜን ቡና ልታስነቅይ ነው ቦንጋ የተመላለስሽው?» አለቻት። ይመኙሻል ልታስረዳት ሞከረች፤ ዙፋን ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንኳ ሰላም አላለቻትም። ይመኙሻልን ከድካሙ ሁሉ ይበልጥ የጎዳት ይሄ ነበር። ቢሆንም ሐሳቧን አልለወጠችም።

ኢሳይያስ ቦንጋ ተመልሶ አሥራ ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፈ። አቶ ሀብተሥላሴ አልተደሰቱም፤ ዲዛይን መቀየር ማለት የተፈረመውን ሁሉ እንደገና መጀመር ነው። ነገር ግን ከላይ የመጡ ገምጋሚዎች ፋይሉን ሲያገላብጡ ሠላሳ አንዱን ማመልከቻ ከነቁጥራቸው አገኙና መልሳቸው የት እንዳለ ጠየቁ። መልስ አልነበረም። በጥቅምት ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ።

ይመኙሻል በአዳራሽ አንሰበሰብም አለች። ተስፋሁን ወንበርና ፕሮጀክተር አስገብቶ ጨርሶ ነበር፤ ለምኖም ተቆጥቶም አልሆነለትም። ሕዝቡ ወደ መታጠፊያው ወጣ፤ አቶ ሀብተሥላሴም በከተማ ጫማቸው ጭቃውን እየረገጡ ተከትለው መጡ። ኢሳይያስ አዲሱን ሐሳብ በወረቀት ሳይሆን በችካልና በገመድ አሳየ። መገንጠያው ይከፈታል። ግንቡ በግማሽ ያጥራል፤ ከወንዙም ወደ ኋላ ይሸሻል። የተረፈው ድንጋይ በመንደሩ በኩል ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይውላል። በየሐሳቡ መጨረሻ ይመኙሻል በካፊኖኖ አስተረጎመች፤ ጋሽ ወልደ ማርያምና ሌሎች የተናገሩትንም በአማርኛ መለሰች። ቃለ ጉባኤ ያዡ የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ተደረገ፤ ሁለት ቦታ ላይ አስተካከሉት።

የቀረው አሮጌው መሄጃ መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ነበር። እዚያ ከመንገዱ ሥር የተቀበረችው ቱቦ ጠባብ ናት፤ ሰው በሆዱ ተስቦ ነው የሚያልፍባት። ውሃው በመንደሩ ጀርባ ከመጣ እዚያ ላይ ታንቆ ወደ ታችኞቹ ቤቶች እንደሚመለስ ይመኙሻል ተናገረች።

«መንገዱ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «እኛ ልንነካው አንችልም።»

«አትንኩት። ግን ቱቦው ላይ አልተስማማንም ብላችሁ ጻፉ።»

«ሁሉም ነገር ተስተካክሎ በዚህች በአንዷ ቃለ ጉባኤው ይበላሽ?»

«እንዲያውም አሁን ገና ማማሩ ነው» አለች። «እውነቱን ከያዘ ያምራል።»

ማንም ብዕር አላነሳም። ጥቂት ቆይቶ ኢሳይያስ ወረቀቱን ከቃለ ጉባኤ ያዡ ተቀብሎ «በስድስተኛው ነጥብ፣ በቱቦው ላይ፣ አርሶ አደሮቹ አልተስማሙም» ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ። አቶ ሀብተሥላሴ አንገታቸውን ነቅንቀው ፈረሙ። የምትኩ መሬት ጉዳይም እዚያው በነጥብ አምስት ገባ።

መገንጠያውን የሚቆፍረው ኤክስካቫተር በጥር መጣ። ይመኙሻል ቡናዋ ሲነቀል ለማየት አልወጣችም፤ ያን ቀን ዳገቱ ላይ ድንጋይ ስትለቅም ዋለች።

በተከታዩ ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ኬጫ እንደዚያኛው ጊዜ ሞላ። ሰዉ እቃውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ከብቱ ወደ ዳገቱ ተነዳ። ይመኙሻል መታጠፊያው ላይ ቆማ አየችው። ውሃው መጣ፤ ከግንቡ ጋር ተጋፋ፤ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በመንደሩ ጀርባ ዞረ። ቡናዋ በነበረበት ላይ እየጮኸ አለፈ። አጠገቧ የቆሙት ጋሽ ወልደ ማርያም በካፊኖኖ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «መጣ» ማለት ነው፤ የድሮ ጓደኛ በሩቅ ያዩ ይመስሉ ነበር።

አርባ ቤት ደረቅ ሆኖ ዋለ። መንገዱ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ግን ቱቦዋ ታንቃ የተመለሰው ውሃ እስከ ጉልበት ገባባቸው። ከሁለቱ አንዱ የዙፋን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመኙሻል አካፋ ይዛ ወደ ዙፋን ቤት ሄደች። ዙፋን ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ትጠርግ ነበር። ቀና ብላ አየቻት፤ ሂጂ አላለቻትም። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠረጉ። ከዚያ ዙፋን አካፋውን ግድግዳ አስደግፋ፣ «ያ ወረቀት፣ ቱቦው ያለበት፣ ቅጂው አንቺ ጋ አለ?» አለች።

«አለ።»

«ነገ ይዘሽው ነይ።»

ሰኞ ማለዳ ቦንጋ ጽሕፈት ቤት የደረሱት አምስት ሆነው ነው፤ ተስፋሁንም ሳይጠራ ተከትሏቸዋል። አቶ ሀብተሥላሴ ስለ አርባው ቤት እንኳን ደስ አላችሁ ብለው ተቀበሏቸው። ቀጥለውም ስለ ቱቦው ያሉትን ደገሙ። መንገዱ የእነሱ አይደለም።

ይመኙሻል ልትናገር አፏን ስትከፍት ዙፋን ቀደመቻት። ጭቃው ያልለቀቀ ቀሚሷን ሰብስባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ስድስተኛው ነጥብ እንዲታይ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«የእናንተ አይደለም፤ ሰማን» አለች። «የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደውሉላቸው። እስኪመጡ ድረስ እኛ እዚሁ ነን።»

አቶ ሀብተሥላሴ ስልካቸውን አወጡ።